«ስርጉድ»፦ የአንድ ሙያዊ ቃል ታሪክና አጠቃቀም



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቃል ብቻ ነው። በሳይንስ መማሪያ መጻሕፍታችን ወደ ውስጥ የጎበጠ ገጽ «ስርጉድ»፣ ወደ ውጭ የጎበጠው ደግሞ «እብጥ» ይባላል። በእንግሊዝኛ የሚማሩት ኮንኬቭና ኮንቬክስ ይሏቸዋል። እኔ የቋንቋ ታሪክ መምህር እንጂ የፊዚክስ ሰው አይደለሁም፤ ስለ ብርሃን በምናገረው ላይ ስህተት ካለ የተፈጥሮ ሳይንስ ባልደረቦቼ ያርሙኝ።

ቡታጅራ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የሳይንስ መምህራችን አንድ ትልቅ ማንኪያ ይዘው ገቡ። በየተራ እየተቀባበልን ውስጡን ስናይ ፊታችን ተዘቅዝቆ ታየን፤ ጀርባውን ስናይ ቀጥ አለ፣ ግን አነሰ። መምህሩ «ይህኛው ስርጉድ፣ ይህኛው እብጥ» አሉን፤ በዚያው ቀረልን። በዓመቱ ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ። ኮንኬቭን ከኮንቬክስ ለመለየት ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ስርጉድን ግን አንድም ቀን ከእብጥ ጋር አምታትቼ አላውቅም።

ለምን? ቃሉ ከግስ የተወለደ ስለሆነ ነው። ሰረጎደ፣ ተሰረጎደ እንላለን። ድስት ወድቆ ጎኑ ሲገባ፣ የመኪና በር ተገጭቶ ሲጎደጉድ «ተሰርጉዷል» ይባላል። ሲስቅ ጉንጩ የሚሰረጎድ ሰውም አለ። አማርኛ ከተረጎመ «ትርጉም» እንደሚያወጣ ሁሉ ከሰረጎደም «ስርጉድ» አወጣ። የሁለቱ ቃላት ርቢ አንድ መሆኑ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምጠቅሰው ነገር ነው።

«ጎድጓዳ» የሚል የታወቀ ቃል እያለ ስርጉድ ለምን ተመረጠ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጎድጓዳ የሚናገረው ስለ ጥልቀት ነው። ክትፎ የሚቀርብበት ጣባ ጎድጓዳ ነው፤ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀበርበትም ስፍራ ጉድጓድ ነው። የጣባው ውስጥ ዙሪያውን የጎበጠ ነው፤ የጉድጓዱ ግድግዳ ግን ቀጥ ብሎ ሊወርድ ይችላል። ጥልቀት ያለው ሁሉ ጎባጣ አይደለም። ስርጉድ ደግሞ ጥልቀት ባይኖረውም እንኳ ገጹ ወደ ውስጥ መግባቱን ይናገራል። ከቡታጅራ በስተደቡብ ያለውን ሐረ ሸይጣን ያየ ሰው ልዩነቱን በዐይኑ ያገኘዋል። በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረው ያ ሐይቅ ዙሪያው ገደል ስለሆነ ከአፋፉ ቆሞ የሚያይ ሁሉ ጎድጓዳ ይለዋል፤ ስርጉድ ለማለት ግን የገጹን ጉብጠት መመርመር ያስፈልጋል።

ስያሜው አንድ እንከን አለው። በዕለት ንግግር ስርጉድ ማለት የተበላሸ ማለት ነው፤ እብጥም ቢሆን የሕመም ምልክት ነው። ሙያው ሁለቱንም ከጉዳት አውጥቶ ንጹሕ የቅርጽ ስም አደረጋቸው። ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ዐረብኛ የቀሩ የመስቃን ሽማግሌዎች እንደሚያውቁት «ቀዕር» የጉድጓድ ወይም የባሕር ግርጌ ነው፤ የዐረብኛው «ሙቀዐር» ማለትም ስርጉድ ከዚያ ወጣ። የእብጡ ስም «ሙሐደብ» ደግሞ ከጀርባ ጉብጠት የመጣ ነው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ስለ ብርሃንና ስለ ማየት «ኪታብ አል-መናዚር»ን የጻፈው ኢብን አል-ሀይሠም ስለ ሚያቃጥሉ ስርጉድ መስታወቶችም ለብቻው ጽፏል። ላቲኑም ኮንካቩስ ያለው «ካቩስ» ከሚለው፣ ባዶና ጎድጓዳ ማለት ከሆነው ተራ ቃል ነው። የዓለም ሊቃውንት ሁሉ ቃል ሲቸግራቸው ወደ ጉድጓድና ወደ ሰው ገላ ሄደዋል።

በአገራችን ሙያዊ ቃላትን በተቋም ደረጃ የመሰየም ሥራ የሚያያዘው በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመው የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ጋር ነው። ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ይኸው ተቋም በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አሳተመ። መጽሐፉ በብዙ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ይገኛል፤ ይህን የምለው በቁጭት ነው።

አሁን ወደሚያከራክረው ልግባ። ስርጉድ መስታወት ብርሃን ይሰበስባል፤ በወልቂጤና በቡታጅራ ጣሪያዎች ላይ የተተከለው ዲሽ የሳተላይቱን ሞገድ አንድ ነጥብ ላይ የሚያከማቸው በዚሁ ቅርጹ ነው። ስርጉድ ምስሪት ግን ብርሃን ይበትናል፤ የሩቁን ማየት ለተሳናቸው መነጽር የሚሆነውም እርሱ ነው። «ስርጉድ ሰብሳቢ ነው» ብሎ በቃሉ ያጠና ተማሪ እዚህ ላይ ይወድቃል። ጥፋቱ የቃሉ አይደለም፤ ቃሉ ቅርጹን እንጂ ሥራውን አይናገርም።

በሒሳብ ግን ጥፋቱ የቃሉ ይመስለኛል። የዴንማርኩ ዮሐን የንሰን በ1906 እ.ኤ.አ. ስለ ኮንቬክስ ፈንክሽኖች ከጻፈ ወዲህ ተቃራኒዎቻቸው ኮንኬቭ በሚለው ስም ጸንተዋል። የኮንኬቭ ፈንክሽን ግራፍ ግን ጉብታ ነው፤ እያደገ የእድገቱ መጠን እየቀነሰ የሚሄደው የምጣኔ ሀብት መስመር ምሳሌው ነው። ስሙ የሚገባው ከበታች ሆኖ ለሚያየው ብቻ ነው። አንድ የምጣኔ ሀብት ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ኮረብታ ሣለና «ይህ እንዴት ስርጉድ ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ማንኪያውን አስታወስኩ። አንዱ ብረት ከውስጥ ስርጉድ፣ ከውጭ እብጥ ነው፤ ቃሉ ሁልጊዜ ተመልካች ይፈልጋል። ስለዚህ ለፈንክሽን «ከታች ስርጉድ» ብንል የቆምንበት ስፍራ ከስሙ ጋር ይሄዳል እላለሁ። የሒሳብ ክፍል ባልደረቦቼ ግን «ኮንኬቭ» እንዳለ ቢቀር ይሻላል ይላሉ፤ ክርክሩ አልተቋጨም።

የሚቀረኝ የአካባቢያችን ቋንቋ ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በቤታችሁ ቸሃን፣ እዣን፣ እኖርን ወይም መስቃንን ተናግራችሁ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ኋላም እንግሊዝኛ ደርሳችኋል። ቮልፍ ሌስላው በ1979 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ያሳተመው የጉራጊኛ የቃላት ምንጭ መዝገብ በእጃችን አለ። ሸክላ ሠሪዋ የጣባዋን ሆድ፣ ቆጮ ቀባሪዋ የጉድጓዷን አፍ በምን ስም እንደምትጠራ ግን ከመዝገቡ ይልቅ ከራሷ መስማት ይሻላል። በዚህ ክረምት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ እናቶቻችሁን ጠይቃችሁ፣ እያንዳንዳችሁ ቢያንስ አምስት ቃል ከነአገባቡ ጽፋችሁ አምጡልኝ።