ኢዛና የሚያሸንፈው መቼ ነው?

ገበጣ ላይ ሁለታችሁም እኩል ጉድጓድ፣ እኩል ጠጠር፣ አንድ ዓይነት ሕግ አላችሁ። ሌባና ፖሊስ ግን እንደዚያ አይደለም፤ አንዱ ማምለጥ አለበት፣ ሌላው መያዝ። እኔ እየሠራሁት ያለው የቦርድ ጌም የሌባና ፖሊስ ዘመድ ነው፦ አራት ተጫዋች፣ አራት የተለያየ ማሸነፊያ። ታሪኩ ክርስትና አክሱም የገባበት 4ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

የሮምን ታሪክ ብወስድ ሥራው ይቀልል ነበር። እዚያ እምነቱ 300 ዓመት ገደማ ያለ ሥልጣን ኖሯል፤ አንዱ ይደበቃል፣ ሌላው ያሳድዳል። አክሱም ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ከቤተ መንግሥት ይጀምራል። ሩፊኖስ እንደጻፈው ከጢሮስ የመጡ ሁለት ወጣቶች፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ፣ መርከባቸው ወደብ ላይ ተጠቅታ ተማርከው ንጉሡ ዘንድ ይደርሳሉ። ንጉሡ ሲሞት ልጁ እስኪያድግ ፍሬምናጦስ አገር በማስተዳደሩ ያግዛል፤ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገም መጸለያ ቦታ እንዲኖራቸው ያደርጋል። ኋላ እስክንድርያ ወርዶ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ይመለሳል። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እሱን ነው።

እንግዲህ ፍሬምናጦስ የሚያሸንፈው ማኅበረ ምእመናን ሲተክል ነው። ነጋዴው የባሕሩ መንገድ ክፍት ሆኖ ሲቆይ። ንጉሡስ?

እዚህ ጋ የምኖርበት ሰፈር ረዳኝ። ሐረር ጁገል ውስጥ፣ በአማርኛ ኤረር በር የምንለውን በር ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ይሉታል። በሩ ያው አንድ ነው፤ የትኛውን ስም እንደምትጠራ የሚወስነው የምታናግረው ሰው ነው። ኢዛናም ድንጋይ ላይ ሲያስጽፍ እንዲሁ ነበር። በፊት ድሉን ለማህረም አምላክ ይሰጥ ነበር። በኋላ በግእዝ ባስጻፈው ላይ «የሰማይ ጌታ» ይላል፤ በግሪክኛው ግን አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ይጠራል። በእኔ ንባብ፣ ለውጭ ሰው ሙሉውን ተናገረ፤ ለአገሬው ደግሞ ማንንም የማያስደነግጥ ቃል መረጠ። ስለዚህ የንጉሡ ተጫዋች ሁለት ሰሌዳ አለው፣ አንዱ ለባሕር ማዶ፣ አንዱ ለአገር ቤት። የሚያሸንፈው ሁለቱም ሳይናጉ ሲቀሩ ነው።

የባሕር ማዶው ቀላል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ356 አካባቢ የሮሙ ቄሣር ቆስጠንጢዮስ ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ሄዶ በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ እንዲመረመር ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል። አትናቴዎስ የቄሣሩ ባላንጣ ነበርና። አክሱም ሰውዬውን አሳልፋ ስለመስጠቷ ምንም ማስረጃ የለም። ጨዋታው ላይ ይህ ደብዳቤ አንድ ካርድ ነው፤ ሲወጣ ንጉሡ ጳጳሱንና ንግዱን በአንድ ጊዜ መጠበቅ አለበት።

አራተኛውን ወንበር፣ የቀድሞውን እምነት፣ ማንም አይፈልገውም። ጓደኞቼ ክርስቲያንም ሙስሊምም ናቸው፤ ሁሉም ግን «እሱማ መሸነፉ አይቀርም» ይላሉ። አንዷ ብቻ «የሚሸነፍ ከሆነ ለምን አስቀመጥከው?» አለችኝ። ልክ ናት። የእነዚህ ሰዎች የራሳቸው ድምፅ ጽሑፍ ላይ እምብዛም የለም፤ አማልክታቸውን የምናውቀው ባብዛኛው ከነገሥታቱ ድንጋይ ነው። ተሸናፊ ጠላት አድርጌ ባስቀምጣቸው አንድን ሕዝብ ሁለተኛ ጊዜ ዝም ማሰኘት ይሆናል።

መልሱን ሳንቲም ላይ አገኘሁት። ኢዛና ከገንዘቡ ላይ ክቡንና ጨረቃውን አንስቶ መስቀል አደረገ። ከዚያ በኋላ በወጡ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ ከመስቀሉ ጋር፣ ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ የሚል ትርጉም ያለው የግሪክኛ ጽሑፍ አለ። ልብ በሉ፣ ጽሑፉ የሚያዝ ሳይሆን የሚለማመጥ ነው። ሥልጣን ያለው ሰው የሚለማመጠው ደግሞ እምቢ ሊለው የሚችል ሰው ሲኖር ነው።

ሕጉን በዚያ ቀየርኩት። ንጉሡ አንድ አውራጃ ላይ መስቀል ማስቀመጥ ይችላል፤ ነጥቡ የሚቆጠርለት ግን አራተኛው ተጫዋች እሺ ሲል ብቻ ነው። እሺታውም በነፃ አይሰጥም፤ በዓል፣ የተቀደሰ ቦታ፣ የአዝመራ ልማድ እንዲቀርለት ይደራደራል። የሚያሸንፈው የእሱ የሆነው ነገር በአዲሱ እምነት ውስጥ በሕይወት ሲቀጥል ነው።

አሁን ወንበሩን ለመያዝ ይሻማሉ።