የቡሬው መንገድና የተጠለፈው መብራት

የትራፊክ መብራት በኮምፒውተር ተጠልፎ ከተማ ተጨናነቀ ሲባል ብዙዎቻችን የፈረንጅ አገር ወሬ ይመስለናል። እኛ ግን ነገሩን ከቡሬ ልንጀምረው ወደድን። መንገድን በወሬ ማወክ ጎጃም ውስጥ ከኮምፒውተር በፊት የተሠራበት ዘዴ ነውና።

ዘመኑ 1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ገብተዋል። እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ሁለት ሺህ የማይሞላ ጦር ይዞ፣ ከአርበኞቻችን ጋር ቡሬ ደርሷል። የጣሊያን ጦር በቁጥር ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ስለዚህ ከምሽጉ ይልቅ መንገዱ ላይ አተኮረ፤ ከቡሬ በስተኋላ ያለችውን ማንኩሳን አጠቃ። የጣሊያኑ አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ መመለሻው የሚቆረጥ መሰለውና በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቆ፣ በዛሬዋ ፍኖተ ሰላም አቅጣጫ ወደ ደምበጫ ሸሸ።

ከዚያም የስልኩ ነገር አለ። የዊንጌት ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ጣሊያን ጥሎት በሄደ አንድ የጎጃም ምሽግ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ጣሊያንኛ የሚችለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ አነሳውና 10 ሺህ ጦር እየመጣ ነው አላቸው። እነሱም አመኑ!

ልብ በሉ፤ መንገዱ አልፈረሰም። የተበላሸው መንገዱን የሚመራው መረጃ ነው።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። በ2006 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ሁለት የከተማው የትራፊክ መሐንዲሶች የሥራ ማቆም አድማ ሊጀመር ሲል ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብተው የአራት መስቀለኛ መንገዶችን መብራት አወኩ። አራት ብቻ! ሥርዓቱን ለመመለስ ግን ቀናት ፈጀ። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በባለቤቱ ፈቃድ ሞክረው፣ የመብራቶቹ የሬዲዮ ግንኙነት ያልተመሰጠረ፣ የይለፍ ቃሉም ከፋብሪካ እንደመጣ ያልተቀየረ ሆኖ አገኙት። በአራቱም አቅጣጫ አረንጓዴ ማብራት ግን አልተቻለም፤ የሚከለክል መሣሪያ አለ። ስለዚህ ዋናው ጉዳት መዘግየት ነው ማለት ነው።

መዘግየት ደግሞ ይለካል። የደህናው ቀን የጉዞ ሰዓት ከታወከው ቀን ይቀነሳል፤ በመኪናው ብዛት ይባዛል። 200 መኪና ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢቆም 100 ሰዓት ጠፋ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይከብዳል፦ ሌላ መንገድ አለ ወይ?

ሎስ አንጀለስ የጎን መንገድ ሞልቷታል። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚገነጠል መንገድ አለ፤ ከፍኖተ ሰላም በጅጋ በኩል ደምበጫ ለሚሄድ ግን ምን ይፈይድለታል? ወላድ የጫነ መኪና ዋናው መንገድ ላይ ሲቆም፣ ያቺ ግማሽ ሰዓት በሌላ ሚዛን ትመዘናለች።

ከተሞቻችን መብራቶቻቸውን ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙ ደስ ይለናል። ግን የይለፍ ቃሉን ከመቀየር ጋር አማራጭ መንገዶቻችንንም ቆጥረን እንወቅ። ናታሌን ከቡሬ ያስወጣው የመድፍ ብዛት አልነበረም፤ አንዲት መንገዱ ተቆረጠች ብሎ ማመኑ ነው። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ አንድ ብቻ ስትሆን ግን ታሳስባለች።