ሰማዩን ማን አጠረው?

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። የአንድ አየር መንገድ አወዳደቅ፣ የሌላው አነሳስ፣ የብዙዎች እንግልት ያለበት ታሪክ ነውና ልተርክላችሁ። ቀኖቹንም ዓመቶቹንም የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወሩ መጋቢት፣ ዓመቱ 1961፣ ቦታው የካሜሩን ዋና ከተማ ያውንዴ። ከፈረንሳይ አገዛዝ ከወጡ ገና ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ያልሞላቸው አሥራ አንድ አገሮች ለውል ተቀምጠዋል። ኮትዲቯር አለች፤ ሴኔጋል አለች፤ ኒጀር፣ ቻድ፣ ጋቦን አሉ። የዛሬዎቹ ቤኒንና ቡርኪና ፋሶም በያኔው ስማቸው፣ ዳሆሜና ላዕላይ ቮልታ ተብለው ከተዋዋዮቹ ተቆጥረዋል። ለብቻ ቢቆሙ እያንዳንዳቸው አንድ ሁለት አውሮፕላን ይዘው ከፈረንሳይ ኩባንያዎች ጋር መፎካከር አይሆንላቸውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንድ የጋራ አየር መንገድ አቋቁመው ሸክሙን ተካፈሉት። እያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት በመቶ ያዙ፤ ቀሪውን 34 በመቶ የፈረንሳይ አየር መንገዶች ወሰዱ። የአየር መንገዱ ስም ኤር አፍሪክ ሆነ፤ መቀመጫው አቢጃን።

ለመሆኑ ለመብረር ይህን ያህል መዋዋል ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው ቺካጎ ነው። በ1944 እዚያ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ውል እያንዳንዱ አገር በሰማዩ ላይ ሙሉ ሉዓላዊነት አለው ብሎ ደነገገ። ስለዚህ አውሮፕላን ያለው ሁሉ ወደፈለገበት አይበርም። ሁለት መንግሥታት መጀመሪያ ይደራደራሉ፤ የትኛው ኩባንያ፣ ወደየትኛው ከተማ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበር በውል ያሰፍራሉ። ለማግኘት ከሚከብዱት መብቶች አንዱ ደግሞ ከራስ አገር ተነስቶ፣ ሁለተኛ አገር አርፎ፣ ከዚያ ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ሦስተኛ አገር መሻገር ነው። የሙያው ሰዎች አምስተኛው የአየር ነፃነት ይሉታል። ይቺን ያዙልኝ፤ ሎሜ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

ኤር አፍሪክ በደህናው ዘመኑ ያኮራ ነበር። ጅራቱ ላይ የሚዳቋ ራስ ተስሎበት ፓሪስ ገባ፣ ኒውዮርክ ደረሰ፣ ሐጃጆችን ጅዳ አደረሰ። ባላፎን የሚባለው መጽሔቱ በበረራ ላይ ይነበብ ነበር። ነገር ግን አሥራ አንድ ባለቤት ያለው ቤት አሥራ አንድ አዛዥ አለው። ሹመቱ በችሎታ መሆኑ ቀርቶ በአገር ኮታ ሆነ። ባለሥልጣናት በመንግሥት ስም ይበራሉ፤ ሒሳቡ ግን ሳይከፈል ይከርማል። ካሜሩን በ1971 ወጣች፤ ቆይታ ጋቦን ተከተለቻት። በጥር 1994 አብዛኞቹ አባል አገሮች የሚገበያዩበት የሲኤፍኤ ፍራንክ ዋጋ በግማሽ ሲቆረጥ የአውሮፕላኑ ዕዳ በዶላር ነበርና፣ በፍራንክ ሲሰላ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆኖ አደረ። ከዚያ በኋላ ማገገም አልተቻለም። በ2002 መጀመሪያ ፈረሰ፤ ሠራተኛው ተበተነ።

ይህ የአፍሪካ ብቻ ድካም አይምሰላችሁ። በዚያው ሰሞን የስዊዘርላንዱ ስዊስኤርም ወድቋል። ይህ ባለጠጋ ኩባንያ የታመሙ አየር መንገዶችን ድርሻ እየገዛ ግዛቱን ሊያሰፋ ተነስቶ ነበር፤ ከቤልጂጉ ሳቤና ላይ ብቻ 49.5 በመቶ ያዘ። ድርሻውን ሲገዛ ዕዳውንም አብሮ ገዛ። ጥቅምት 2 ቀን 2001 አውሮፕላኖቹ ካሉበት መነሳት አቃታቸው፤ በኅዳር ሳቤና ተከተለ። ባለ አሥራ አንድ መንግሥቱም፣ ባለ ብዙ ገንዘቡም በወራት ልዩነት አንድ ጉድጓድ ገቡ። ባለድርሻ መብዛቱም ሆነ ገንዘብ መትረፉ ለብቻው ሽርክናን አያቆምም።

ታዲያ የቆሙት እንዴት ቆሙ? የአሜሪካ ሕግ የውጭ ሰው በአገሩ አየር መንገድ ላይ ከሩብ በላይ የድምፅ ድርሻ እንዲይዝ አይፈቅድም፤ የአውሮፓ ኅብረትም የውጭውን ከግማሽ በታች ይገድባል። እንደ ባንክና ፋብሪካ ድንበር ተሻግሮ መጠቅለል ስለማይቻል፣ አየር መንገዶች ሳይዋሃዱ አብሮ መሥራትን ተማሩ። በ1992 አሜሪካና ኔዘርላንድስ ሰማያቸውን እርስ በርስ ከፈቱ፤ ወዲያው ኬኤልኤምና ኖርዝዌስት ዋጋም የበረራ ሰዓትም በጋራ እንዲወስኑ ተፈቀደላቸው። በግንቦት 1997 አምስት ኩባንያዎች ስታር አሊያንስን መሠረቱ፤ በ1999 ዋንወርልድ፣ በ2000 ስካይቲም ተከተሉ። የአንዱን ቲኬት ሌላው ይሸጣል፤ የአንዱን መንገደኛ ሌላው ተቀብሎ ያደርሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በታኅሣሥ 2011 ስታር አሊያንስን ተቀላቀለ።

ለእኛ አየር መንገድ ግን ሽርክና አዲስ ነገር አልነበረም። በ1945 ሲቋቋም ከአሜሪካው ቲደብልዩኤ ጋር ተዋውሎ ነው። ሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ካይሮ የገባው የመጀመሪያው በረራ በአሜሪካ ባለሙያዎች እጅ ነበር። ውሉ ግን ኢትዮጵያውያን እንዲሠለጥኑና ቦታውን እንዲረከቡ ያስገድድ ነበር። አብራሪነቱ፣ ጥገናው፣ ሒሳቡ በየተራ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ፤ በ1971 ኮሎኔል ሥምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። አስተማሪው ቲደብልዩኤ በ2001 በአሜሪካን ኤርላይንስ ተጠቅልሎ ከሰማይ ጠፋ። ተማሪው ዛሬም ይበራል።

አሁን የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ደረስን። ከኤር አፍሪክ መፍረስ በኋላ የምዕራብ አፍሪካ መንገደኛ መከራ ጸናበት። ጎረቤት አገር ለመድረስ በፓሪስ ወይም በካዛብላንካ መዞር ያጋጥም ነበር። ከኢኮባንክ መሥራቾች አንዱ የሆኑት የቶጎው ጀርቬ ጆንዶ ሌላ አየር መንገድ ለማቋቋም ተነሱ፤ የኤር አፍሪክን ስህተት ግን መድገም አልፈለጉም። አብዛኛው ድርሻ ከመንግሥታት እጅ ወጥቶ በባንኮችና በግል ባለሀብቶች እንዲያዝ አደረጉ። ሙያውን የሚያመጣ አጋር ሲፈልጉ ፓሪስ አልሄዱም፤ አዲስ አበባን መረጡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከግማሽ በታች ድርሻ ይዞ አውሮፕላን አከራየ፣ ባለሙያ ላከ፣ አስተዳደሩን ያዘ። አዲሱ አየር መንገድ አስካይ ተባለ፤ በጥር 2010 መብረር ጀመረ።

አሠራሩን በአንድ ሻንጣ ላሳያችሁ። አንዲት ነጋዴ ዋጋዱጉ ላይ ሻንጣዋን ሚዛን ላይ ታስቀምጣለች። ሠራተኛው እጀታው ላይ የሚጠቀልለው ወረቀት ከታች ሎሜ፣ ከላይ ደግሞ በትልቁ የመጨረሻዋን ከተማ፣ የአሜሪካዋን ኒዋርክን ያሳያል። አስካይ ሎሜ ያደርሳታል። ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች የተነሱ የአስካይ አውሮፕላኖችም በተቀራረበ ሰዓት እዚያው ያርፋሉ። በዚያው ሰዓት ከአዲስ አበባ የመጣው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ቆሞ ይጠብቃል። ሻንጣው ከአንዱ ሆድ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፤ ባለቤቷ ሳትነካው አትላንቲክን ይሻገራል። ያዙልኝ ያልኳችሁ አምስተኛው ነፃነት ይህ ነው፤ ቶጎ መብቱን ሰጠች፣ አሜሪካ ተቀበለች፣ ከ2016 ጀምሮ የሎሜ ሰው በኢትዮጵያ አውሮፕላን ኒዋርክ ገባ። ትንሿ ቶጎ ሰማይዋን በመክፈቷ ሎሜ የምዕራብ አፍሪካ መገናኛ ሆነች። የአስካይ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት አቶ መስፍን ጣሰውም በ2022 ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ መሪ ሆኑ።

ሁሉም በር ግን እንዲህ አልተከፈተም። በመስከረም 2022 የናይጄሪያ መንግሥት ናይጄሪያ ኤር ለሚባል አዲስ አየር መንገድ የኢትዮጵያን አየር መንገድ በ49 በመቶ ድርሻ መረጠ። የአገሪቱ የግል አየር መንገዶች ግን ክስ መሠረቱ፤ ፍርድ ቤቱም ነገሩ እንዲቆም አዘዘ። ሆኖም ግንቦት 26 ቀን 2023፣ ሥልጣን ከአንዱ ፕሬዚዳንት ወደ ሌላው ሊተላለፍ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ቦይንግ 737 አቡጃ አረፈ። አካሉ ላይ ናይጄሪያ ኤር ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ አውሮፕላኑ ግን የኢትዮጵያ ነው። አንድም መደበኛ መንገደኛ ሳያጓጉዝ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። የምክር ቤት ኮሚቴ አጥብቆ አወገዘው፤ አዲሱ የአቪዬሽን ሚኒስትር ሥራውን አገዱት።

እዚህ ላይ ከሳሾቹን ማጣጣል ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላደርገውም። የሰው ገበያ ገብቶ ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ድርሻ የሚይዝ ትልቅ ተፎካካሪ ሲመጣባቸው ቢሰጉ እውነት አላቸው። ሎሜ ላይ አጋሩን የጠሩት የአካባቢው ባለሀብቶች ናቸው፤ አቡጃ ላይ የአካባቢው አየር መንገዶች ተዘለሉ። ልዩነቱ ይኸው ነው። ቀለሙ ከስምምነቱ ቀድሞ ደረቀ።

መፍትሔው ከተጻፈ ቆይቷል። የአፍሪካ ሚኒስትሮች በኅዳር 1999 ያሙሱክሮ ላይ የአህጉሩን ሰማይ እርስ በርስ ለመክፈት ወሰኑ፤ አምስተኛው ነፃነት ሳይቀር በውሳኔው አለ። በጥር 2018 አዲስ አበባ ላይ 23 አገሮች ነጠላውን የአፍሪካ የአየር ትራንስፖርት ገበያ አስጀመሩ። ሆኖም ብዙዎቹ ፈርመው ሲያበቁ በተግባር አሁንም መብቱን በሁለትዮሽ ድርድር እየቆራረጡ ይሰጣሉ። የሚከለክሉት ደግሞ የገዛ ዜጋቸውን ነው፤ በርካሽ እንዳይጓዝ።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። የአፍሪካን ሰማይ ያጠረው ድህነት አይደለም፤ የፈረሙትን አለመፈጸም ነው። ቁልፉ ያለው በየሚኒስቴሩ ነውና በራቸውን አንኳኩ። ለኢትዮጵያም የምለው አለኝ፦ ትልቁ አየር መንገድ የእኛ ስለሆነ ትልቁ ኃላፊነት የእኛ ነው። ከሌላው የምንጠይቀውን መብት በቦሌ ለሌላው እንስጥ፤ ቲደብልዩኤ እንዳስረከበን ሁሉ እኛም ያሠለጠንነውን እናስረክብ። ጎረቤት ሲያድግ መንገደኛው ይበዛል፤ መንገደኛው ሲበዛ ሁላችንም እንበራለን።