ከታንኳ እስከ ናይሎን መረብ፦ የጣና ነጭ ዓሣ አሰጋገር ታሪክ

በጣና ሐይቅ ዓሣ ማስገር ጥንታዊ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ለረጅም ዘመን የተሠራው በሐይቁ ዳር ዳር ነበር። መሀል ሐይቁ ላይ ትንንሽ ዓሦችን እያደነ የሚኖረውን ትልቁን ነጭ ዓሣ ተከትሎ መያዝ ለባለታንኳ አይሆንለትም ነበር። አስጋሪው ክረምት ገብቶ ዓሣው በራሱ ጊዜ ወደ ወንዝ አፍ እስኪመጣ ይጠብቀዋል። ሞተርና ናይሎን መረብ ይህን የቆየ ሥርዓት እስኪለውጡት ድረስ ነጭ ዓሣን ከማለቅ የጠበቀው፣ እሱን የመያዙ ችግር ራሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቀቱን ሲሰማ ይገረማል፤ በአማካይ 8 ሜትር ያህል ነው፣ እጅግ ጥልቅ በሚባልበት ቦታም ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል፤ በተፈጥሮ መውጫው ግን ባሕር ዳር ላይ የሚነሣው አባይ ብቻ ነው። አባይ ከሐይቁ ከወጣ ከ30 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ጢስ አባይ ላይ 40 ሜትር ያህል ከሚሆን ገደል ይወረወራል። ይህን ገደል ወደ ላይ የሚወጣ ዓሣ የለም። ስለዚህ የጣና ዓሦች ከታችኛው አባይ ዓሦች ተለይተው ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻቸው ኖረዋል። ከፏፏቴው በታች ወንዙ በሞጣ በኩል አልፎ፣ ዋና ከተማው ግንደወይን የሆነውን የጎንቻ ሲሶ እነሴን ወረዳ በሰሜን እያዋሰነ ምሥራቅ ጎጃምን ይዞራል። ውኃው አንድ ቢሆንም የዚህ የታችኛው አባይ ዓሣ አያያዝ ከሐይቁ የተለየ ታሪክ አለው።

የሐይቁ የቀድሞ ዓሣ አስጋሪዎች ነገደ ወይጦ የሚባሉት ናቸው። ኑሯቸው በውኃው ዳር፣ መተዳደሪያቸው ዓሣ፣ ደንገልና ጉማሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለነሱ ጽፏል። የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንደ ርኩስ ቆጥሮ ከማዕዱ ሲያርቃቸው ኖሯል፤ እነሱ ግን ራሳቸውን እስላም ይላሉ። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው። የጣናን ውኃ፣ ነፋስና ዓሣ ከማንም በላይ የሚያውቀው ይህ ሕዝብ ከኅብረተሰቡ ዳር ተገፍቶ መኖሩ የሐይቁን ታሪክ ለሚጽፍ ሁሉ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ዓሣው የነበረው እውቀት ሳይጻፍ የቀረው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ታንኳው የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ቀለል ይላል፤ አገዳው ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ስለሆነ ይንሳፈፋል። ከዚያ በእቅፍ በእቅፍ ተደርጎ በልጥ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰርና እቅፎቹ ጎን ለጎን ይሰፋሉ። አፍንጫው ሾጠጥ ብሎ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ታንኳ ውኃ እንዳይገባው ተደርጎ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ውኃው በእስሮቹ መሀል ሰርጎ ይገባል፤ ቀዛፊው ደግሞ በመሀሉ በተነባበረ ደረቅ ደንገል ላይ ከውኃው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። መቅዘፊያው ረጅም ሽመል ነው፤ ጥልቀት በሌለው ቦታ ወለሉን እየወጋ ይገፋበታል፣ ጠለቅ ባለው ደግሞ ግራና ቀኝ ይቀዝፍበታል። ማታ ታንኳው ከውኃ ወጥቶ እንዲደርቅ ይቆማል። እንዲህ ተጠብቆም ዕድሜው ጥቂት ወራት ነው፤ ውኃ ጠግቦ ሲከብድ በአዲስ ይተካል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣባት ራ የተባለችው ጀልባ የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር፤ የሠሯት ሰዎች ግን የቻድ ሐይቅ ልጆች ነበሩ።

እንዲህ ያለው ታንኳ እንጨት ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ለማመላለስም ሆነ ሰው ወደ ደሴት ለማሻገር ይበቃል፤ ዓሣ ለማሳደድ ግን ፍጥነት የለውም። ከቀትር በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ታንኳውን ያንገላታዋል። ስለዚህ አስጋሪው ገና ሳይነጋ ይወጣል፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይመለሳል፣ ከዳርም ብዙ አይርቅም። መሣሪያውም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነበር፦ ከሸንበቆና ከእንጨት የተሠራ ወጥመድ፣ መንጠቆ፣ ከጥጥ ፈትል የተሠራ አጭር መረብ። በእነዚህ የሚያዘው በአብዛኛው በደንገሉ ሥር የሚውለው ቀረሶና ጭቃማውን ወለል የሚወደው አምባዛ ነው።

ነጭ ዓሣ ሌላ ነው። ሳይንቲስቶች ላቢዮባርበስ ይሉታል፤ ከካርፕ ዘር ይቆጠራል። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጎንደር መጥቶ ከጣና የወሰዳቸውን ዓሦች እ.ኤ.አ. በ1835 በጽሑፍ ካሳወቀ ወዲህ፣ ይህ ዓሣ አንድ ዓይነት ነው ወይስ ብዙ የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። አንዱ አፈ ትልቅ፣ ሌላው ከንፈረ ወፍራም፣ ሌላው ጀርባው የጎበጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች አፋቸውን፣ አመጋገባቸውንና መዋያቸውን መርምረው በሐይቁ 15 የተለያዩ ዝርያዎች እንዳሉ አሳወቁ። ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። ከካርፕ ዘር አዳኝ ብዙ አይወጣም፤ መንጋጋው ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። በጣና ይህ የሆነው በሌሎች የአፍሪካ ሐይቆች የአዳኝነቱን ቦታ የሚይዙት ዓሦች በፏፏቴው ምክንያት ሳይደርሱ ስለቀሩ ነው። ባዶ የቀረውን ቦታ ነጭ ዓሣው ያዘው።

አዳኝ ዓሣን ከጀልባ ማጥመድ በሌላውም ዓለም ቀላል አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ዋልዓይ የሚባል ትልቅ ዓይን ያለው ዓሣ አለ፤ ዓይኑ በድፍርስና በጨለማ ውኃ እንዲያይ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ የሚያድነው ማለዳ፣ ማታና ሌሊት ነው። የዚያ አገር አስጋሪ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማታለያ ከጀልባው ኋላ በረጅም ክር አስሮ ቀስ ብሎ እየጎተተ ይዞራል። ነገሩ ያለው በፍጥነቱና በጥልቀቱ ላይ ነው። ጀልባው ቢፈጥን ማታለያው ከዓሣው ራስ በላይ ያልፋል፤ ቢዘገይ ወለል ይልሳል፤ ዓሣው ካለበት ጥልቀት በአንድ ሜትር ቢሳሳትም ቀኑን ሙሉ ባዶ እጅ መዋል አለ። ይህ ዘዴ ጣና ላይ ቢሞከር ችግሩ ይበረታል። ገባር ወንዞች በየክረምቱ የሚያመጡት አፈር ውኃውን ስለሚያደፈርሰው ዓሣው ማታለያውን የሚያየው ከቅርብ ብቻ ነው። ጥርስ አልባው የጣና አዳኝ የሚውጠው ከራሱ በጣም ያነሱ ትንንሽ ዓሦችን ነው፤ ትልቅ ማታለያ ለእሱ ምግብ አይመስለውም። በሽመል የሚገፋ ታንኳ ደግሞ እኩል ፍጥነት ይዞ ረጅም መንገድ መሄድ አይችልም። ባለታንኳው ዓሣውን ማሳደድ መተዉ ከስንፍና ሳይሆን ከሐይቁ ጋር ረጅም ጊዜ ከኖረ ብልኃት የመጣ ነው።

ጥበቃው የሚያልቀው በክረምት ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙ የነጭ ዓሣ ዝርያ ለመራባት ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባሮች ይወጣል። የሚፈልገው ጠጠር ያለበትን፣ ጥሩ አየር የያዘ ጥርት ያለ ወራጅ ውኃ ነው፤ እንቁላሉን ጠጠሩ ላይ ይጥላል። ከመውጣቱ በፊት ግን በወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ዓመቱን ሙሉ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ ያስቸገረው ዓሣ በዚያ ሰሞን በጠባብ ቦታ ይገኛል፤ ታንኳም አጭር መረብም ይደርሱበታል። ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚጠብቀው የብርብራ ፍሬ ነው። ብርብራ በአገሩ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን በውስጡ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ዓሣው በስንጥቡ የሚወስደውን አየር እንዳይጠቀም ያግደዋል፤ ዓሣው ይደነዝዝና ይንሳፈፋል፣ ሰው በእጁ ይለቅመዋል። ዘዴው ትልቁንም ጫጩቱንም ሳይለይ ስለሚገድል በወንዝ ማስገር ከታወቁት ሁሉ ጎጂው ነው።

ከፏፏቴው በታች፣ በምሥራቅ ጎጃም በኩል ያለው ዓሣ አያያዝ ግን በመልክአ ምድሩ የተወሰነ ነው። ሕዝቡ የሚኖረው ከጮቄ ተራራ በሚወርደው ሰፊ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ነው፤ ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃን የመሳሰሉ ወንዞች ከዚያ ተነሥተው ወደ አባይ ይገባሉ። አባይ ራሱ ግን ከማሳው በታች በጥልቅ ገደል ውስጥ የሚሄድ፣ ሙቀትና ወባ ያለበት፣ አዞ የሚውልበት ውኃ ነው። ከግንደወይን ወይም ከቢቸና ዓሣ ፍለጋ የሚወርድ ሰው የወረደውን ሁሉ መልሶ ሸክም ይዞ መውጣት አለበት፤ ዓሣ ደግሞ በቆላ ሙቀት የሰዓታት ዕድሜ ብቻ ነው ያለው። በዚያ ላይ ታንኳ የሚሠራበት የጣናው ዓይነት የደንገል ጫካ የለም፤ ወራጁም ታንኳ አያስኬድም። ሞጣ አጠገብ ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ጦርነት ዘመን ከተሰበረ በኋላ መንገደኛ ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ መሻገሩ የዚያን ውኃ ጠባይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ጉዞ አባይን በጎማ ጀልባ ሲወርድ ከአባሎቹ አንዱ በውኃ ተወስዶ ሞቷል። ስለዚህ እዚህ ዓሣ መያዝ የወንዝ ዳር ሰው በበጋ ውኃው ሲቀንስ በመንጠቆ ወይም በብርብራ የሚያደርገው የአጋጣሚ ነገር ሆኖ ቀረ፤ እንደ ጣና ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ አልሆነም።

ሐይቁ ዳር ግን ገበያ ነበር። ብዙ ምእመን ሥጋና ወተት በሚተውበት በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል፤ አጥብቀው የሚጾሙት ግን እሱንም ይተዋሉ። በሁዳዴ የዓሣ ፈላጊ በርከት ይላል፣ ከፋሲካ በኋላ ያንሳል። የደረቀ ዓሣ ደግሞ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሄዳል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ በግብርና ሚኒስቴርና በኔዘርላንድ ድርጅቶች ትብብር የጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ተጀመረ፤ ባለሞተር ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች ገቡ። ዓላማው ረሃብ በተደጋገመበት ዘመን ለሕዝቡ ምግብ፣ ለአስጋሪውም ገቢ ማስገኘት ነበር፤ ተሳክቶም ነበር። በፕሮግራሙ የተያዘው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን አደገ። ሞተሩ ታንኳው የማይደርስበትን የሐይቁን መሀልና ሩቅ ወንዞችን አፍ በአንድ ቀን ያገናኝ ጀመር። ናይሎን እንደ ጥጥ አይበሰብስም፤ ውኃ ውስጥ ሌሊቱን አድሮ ያጠምዳል፣ ያውም በመቶ ሜትሮች ርዝመት ይዘረጋል። ዓሣን የማሳደድ አስፈላጊነት ቀረ፤ መንገዱን አውቆ መረብ መዘርጋት በቂ ሆነ።

ክፉው ነገር መረቡ የተዘረጋው ዓሣው ሊራባ በሚሰበሰብበት ቦታና ሰዓት መሆኑ ነው። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የተደረገውን ናሙና አነጻጽረው የነጭ ዓሣው ክምችት በ10 ዓመት ውስጥ 75 በመቶ ያህል ማሽቆልቆሉን፣ የጫጩቶቹ ቁጥርም ከዚህ በባሰ መጠን መውረዱን አሳዩ። ነጭ ዓሣ ለመውለድ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ዘር ለመጣል የሚሄደው ወላጅ በየዓመቱ በወንዝ አፍ ላይ ሲለቀም ተተኪ አይኖርም። ቀረሶና አምባዛ ይህን ያህል አልተጎዱም፤ ወንዝ ላይ እንደ እሱ አይሰበሰቡምና።

ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን መጣ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ማስገርን በፈቃድ፣ የመረብ ዓይንን በመጠን፣ የመራቢያ ቦታና ወቅትንም በጥበቃ ሥር የሚያደርግ መሠረት ጣለ፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አወጣ። ከዚያ ወዲህ በርካሽ የሚገኘው ቀጭን የአንድ ክር ናይሎን መረብ፣ ሞኖፊላመንት የሚባለው፣ ሐይቁን ሞላው። ይህ መረብ ውኃ ውስጥ አይታይም፤ ተቀዶ ሲጣል ደግሞ ሳይበሰብስ ዓሣ መያዙን ይቀጥላል። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከሰሜኑ ዳር የታየው እምቦጭ የዳሩን ውኃ ለጀልባም ለመረብም ዘጋ። በገባሮቹ ላይ የሚሠሩ ግድቦችና ለመስኖ ውኃ የሚስቡ ሞተሮች ደግሞ ዓሣው ወደ ጠጠሩ የሚሄድበትን ውኃ ይቀንሱታል። የጣና ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ በነሐሴ ወር ጉማራ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ግን አሁንም አለ፣ ደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጠው አስጋሪም ያንኑ ቀጭን ናይሎን ይዟል።