በሁለተኛው ገጽ ላይ ያለችው መስመር

ላፍቶ ውስጥ ኮሌጅ ወይም ማሠልጠኛ ባለበት ሁሉ «ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ጥረዛ» የሚል ታፔላ አይጠፋም። ተማሪው ፍላሹን ይሰጣል፣ ባለሱቁ ገጹን ይቆጥራል፣ በዋጋ ይነጋገራሉ፣ ትንሽ ቆይቶ በስፓይራል የተያዘ ጥራዝ ይወጣል። የአካውንቲንግ ሶፍትዌር መማሪያ ሊሆን ይችላል፤ የኔትወርክ ዝርጋታ መመሪያ ወይም የፕሮግራሚንግ መጽሐፍም ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ሁለተኛው ገጻቸው ላይ በእንግሊዝኛ «ያለ አሳታሚው ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው» የሚል መስመር አላቸው። ባለሱቁም ተማሪውም አያነቡትም። ክልከላው ራሱ ከሌላው ገጽ ጋር አብሮ ይባዛል።

ጥቂቶቹ ጥራዞች ግን በዚያው ገጽ ላይ ሌላ መስመር አላቸው፤ ይህን ሰነድ መቅዳት፣ ማከፋፈልና ማሻሻል ይቻላል ይላል። እሱንም ማንም አያነበውም።

ለፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለአንባቢው ግን አይደሉም። የመጀመሪያው መጽሐፍ በድብቅ ከመባዛት አያልፍም። ወደ አማርኛ መልሶ፣ ስህተቱን አርሞ፣ በግልጽ አሳትሞ ገበያ የሚያወጣው ሰው በሕግ ይጠየቃል። ሁለተኛው ሊተረጎም፣ ሊታረም፣ ሊሸጥም ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ ጥሩ የሶፍትዌር መመሪያ ለምን እንደሚቸግር የሚጠይቅ ሰው የዚህችን መስመር ታሪክ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

*የብራና ዘመን ፈቃድ*

መጽሐፍ መቅዳት በዚህ አገር ነውር ሆኖ አያውቅም። ለዘመናት አንድ መጽሐፍ ከገዳም ወደ ገዳም የተሻገረው ጸሐፊ ተቀምጦ በብዕርና በቀለም ስለገለበጠው ነው። ጸሐፊው ሲጨርስ በመጨረሻው ገጽ ላይ ለራሱና ላስጻፈው ሰው ጸሎት ይለምናል። መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ ውጉዝ ይሁን የሚል ቃልም በብዙ ብራናዎች ላይ ይገኛል። ግዝቱ የሚወድቀው የሚሰርቀውና የሚፍቀው ላይ ነው፤ የሚገለብጠው ላይ አይደለም። ስም ይጠበቃል፣ መጽሐፉ ይጠበቃል፣ ቅጂው ግን ይበዛል።

ግዝቱ ሁሌም አልሠራም። የኋላ ባለቤቶች የቀድሞውን ሰው ስም ፍቀው የራሳቸውን ያስገቡባቸው ብራናዎች አሉ። ዛሬ የሌላ ሰው የጻፈውን ፒዲኤፍ አውርዶ፣ የጸሐፊውን ስም አጥፍቶ፣ በየገጹ የራሱን የቴሌግራም ቻናል ስም የሚያትም ሰው አዲስ ነገር አልፈጠረም።

*ከፕሮግራሙ ወደ መመሪያው*

እ.ኤ.አ በመስከረም 1983 አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት አስታወቀ። ዓላማው ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ሊያከፋፍለው የሚችል ሶፍትዌር መሥራት ነበር። እዚህ ላይ አማርኛችን ያምታታል። «በነጻ» ስንል ያለ ክፍያ ማለታችን ነው፤ «ነጻ» ስንል ደግሞ የማንም ተገዢ ያልሆነ። እንግሊዝኛውም በተመሳሳይ ቃል ይሳሳታል። የስቶልማን ጉዳይ ሁለተኛው ነበር፤ ነጻ ሶፍትዌር በገንዘብ ሊሸጥ ይችላል፣ የገዛው ሰው ግን እጁ አይታሰርም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌላ ችግር ጎልቶ ወጣ። ፕሮግራሞቹ ነጻ ሆነው መመሪያዎቻቸው ግን በአሳታሚዎች መብት የተያዙ ነበሩ። ፕሮግራሙን ያሻሻለ ሰው መመሪያውን ማሻሻል አይፈቀድለትም። ስለዚህ አዲሱ ፕሮግራም አሮጌ መመሪያ ይዞ ይቀራል፤ የማይገልጸውን ነገር ይገልጻል። ስቶልማን የነጻ ሶፍትዌር ትልቁ ጉድለት ነጻ መመሪያ አለመኖሩ ነው ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ በመጋቢት 2000 የእሱ ድርጅት፣ ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን፣ በተለይ ለመመሪያዎች የታሰበ የነጻ ሰነድ ፈቃድ አወጣ።

የፈቃዱ አሠራር ለላፍቶው ባለሱቅ ቢነገረው ይገባዋል። መቅዳትም መሸጥም ይቻላል። ያሻሻለ ሰው ያሻሻለውን በዚያው ፈቃድ ይለቃል። የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች ስምና የለውጡ ታሪክ አይፋቅም። ከ100 በላይ የታተመ ቅጂ የሚያሰራጭ ደግሞ በኮምፒውተር ሊታረም የሚችለውን ፋይል አብሮ ይሰጣል፣ ወይም ፋይሉ የሚገኝበትን የኢንተርኔት አድራሻ ይጽፋል። የብራናው ግዝት በጠበቃ ቋንቋ ተጻፈ ማለት ይቻላል።

ጉድለትም ነበረው። የፈቃዱ ሙሉ ቃል ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር አብሮ መታተም አለበት። 300 ገጽ መጽሐፍ ላይ ይህ ቀላል ነው፤ ሁለት ገጽ በራሪ ወረቀት ላይ ግን ፈቃዱ ከጽሑፉ ይበልጣል። ፈቃዱ ጸሐፊው ማንም የማይነካቸው ክፍሎች እንዲያስቀምጥም ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ በ2006 ዴቢያን የተባለው የሶፍትዌር ማኅበረሰብ ድምፅ ሰጥቶ፣ እንዲህ ያሉ የማይነኩ ክፍሎች ያሉባቸው መመሪያዎች ነጻ አይባሉም ብሎ ወሰነ። ዊኪፒዲያም በዚሁ ፈቃድ ጀምሮ እ.ኤ.አ በ2009 ቀለል ወዳለው የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተሻገረ። የአማርኛው ዊኪፒዲያ አብሮ ተሻግሯል። ዛሬ ከአማርኛው ዊኪፒዲያ አንድ ገጽ አትሞ ለተማሪ የሚያድል መምህር ምንጩንና የፈቃዱን ስም ከታች ቢጽፍ ይበቃዋል።

*ፊደሉ የተረፈው በሰነድ ነው*

የራሳችን ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ ፍሥሐ አጥላው፣ ከዚያም በአገር ቤትና በውጭ ሌሎች ባለሙያዎች፣ የግዕዝን ፊደል ኮምፒውተር ላይ አወጡት። አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የሚሉትን ስሞች በዘመኑ ቢሮ የሠራ ሰው አይረሳቸውም። ባለውለታዎች ናቸው። ነገር ግን አብዛኛው ሶፍትዌር ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ሆሄና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። የፊደልና የቁጥር ሰንጠረዡ የየሻጩ የቤት ጉዳይ ነበር።

መውጫው የተገኘው በሰነድ ነው። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝን ፊደል በተራ የላቲን ቁልፎች መወከያ ሥርዓት አዘጋጅተው በኢንተርኔት አሰራጩ። እ.ኤ.አ በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ደግሞ የግዕዝን ፊደል በዓለም አቀፉ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ወዲህ «ላፍቶ» የሚለው ቃል በየትኛውም መሣሪያ ላይ ሦስት ቁጥር ነው፦ ላ 4619፣ ፍ 4941፣ ቶ 4726። ሰንጠረዡን ማንም ሳይከፍል ያነበዋል፣ ማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይሠራበታል። ይህ ጽሑፍ ስልክዎ ላይ የተነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

የዩኒኮድ ሰነድ ማንም ተነስቶ የሚቀይረው አይደለም፤ ሁሉም ቁጥሩን ቢቀያይር ወደ ድሮው ዝብርቅርቅ እንመለስ ነበር። አንዳንድ ሰነድ ሊነበብና ሊሠራበት ነጻ መሆኑ ይበቃል። መመሪያ ግን በየጊዜው ስለሚያረጅ የመታረም ነጻነትም ያስፈልገዋል።

የጎደለን ይህ ሁለተኛው ነው። ዳንኤል ያዕቆብ የመሠረተው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ለሊኑክስ ሥርዓት የአማርኛ ቅንብሮችን አዘጋጅቷል፤ ግኖም የተባለውን የሊኑክስ ገጽታም ተርጉሟል። አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክ የመሳሰሉ ፎንቶች በነጻ ፈቃድ ይገኛሉ። ፊደል አለ፣ ሜኑ አለ። «እርዳታ» የሚለውን ተጭኖ ማብራሪያ የሚፈልገው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው እንግሊዝኛ ነው። ሜኑ መተርጎም የቃላት ሥራ ነው፤ መመሪያ መተርጎም የመጽሐፍ ሥራ ነው። መጽሐፍ ደግሞ ጸሐፊ፣ አራሚና አከፋፋይ ይፈልጋል።

*ከነፋስ ወደ ወረቀት*

የክፍለ ከተማው የስም ግማሽ፣ ነፋስ ስልክ፣ የመጣው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የራዲዮ ጣቢያ ነው። መልእክት በነፋስ ይሄዳል መባሉ ያኔ ያስገርም ነበር። ዛሬ ነፋሱ አንዳንዴ ይቆማል። እ.ኤ.አ ከሰኔ 30 ቀን 2020 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ነበር። በእነዚያ ቀናት መመሪያውን በኢንተርኔት ብቻ ያነብ የነበረ ሰው ምንም አልነበረውም፤ በሃርድ ዲስክ ወይም በወረቀት የያዘ ሰው ሥራው አልቆመም።

ነጻ ፈቃድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ እስከ 2011 የኡቡንቱ አዘጋጆች ሲዲ ለጠየቃቸው በየአገሩ በፖስታ ይልኩ ነበር፤ የደረሰው ሰውም ለጎረቤቱ ቢገለብጥለት ጥፋት አልነበረም። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ሙሉ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ አድርጎ ያከፋፍላል። ማንንም ሳይጠይቅ ይህን ማድረግ የቻለው ጽሑፎቹ ቀድመው ስለተፈቀዱ ነው።

*ዝም ማለት ፈቃድ አይደለም*

በእኛ ሕግ ፈቃድ ያልተጻፈበት ሥራ ዝግ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጸሐፊው ምንም ሳያስመዘግብ፣ ከጻፈበት ጊዜ ጀምሮ መብቱ ይጠበቅለታል። የኢኮኖሚ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ለግል የሚደረግ ቅጂ የተወሰነ ቦታ ቢኖረውም መተርጎም፣ ማሻሻልና ለሕዝብ ማከፋፈል የባለመብቱ ነው።

ስለዚህ አንድ ደግ መምህር 40 ገጽ የኤክሴል መመሪያ በአማርኛ ጽፎ ቴሌግራም ላይ ቢለቀውና አንድ ቃል ባይጨምርበት፣ ሕጉ የሚያየው ዝግ መጽሐፍ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሜኑው ይቀየራል፣ መምህሩ ስልኩን ይቀይራል፣ መመሪያው ያረጃል። ሊያድሰው የሚፈልግ ሐቀኛ ሰው ፈቃድ የሚጠይቀው ያጣል። ስሙን ፍቆ የራሱን የሚለጥፈው ሰው ግን ማንንም አይጠይቅም። ዝምታው የጎዳው ሐቀኛውን ነው።

ጸሐፊው ከምን ይብላ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በላቡ የሚያድር ሰው መጽሐፉን ዝግ አድርጎ ቢሸጥ መብቱ ነው፤ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። በሕዝብ ገንዘብ የተከፈለበት መመሪያ ግን ሌላ ነው። በመንግሥት በጀት የሚዘጋጁ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ሞጁሎች ደመወዛቸው አስቀድሞ ተከፍሏል። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ በ2019 በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ የዩኒቨርሲቲ ምርምሮች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ ፖሊሲ አውጥቷል። ለምርምር የተፈቀደው ለሞጁል የማይፈቀድበት ምክንያት የለም።

እ.ኤ.አ በሐምሌ 2024 መንግሥት አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ ለማሠልጠን መርሐ ግብር ጀምሯል። ሥልጠናው ያለ ክፍያ ነው። ነገር ግን ያለ ክፍያ መማርና ትምህርቱን ተርጉሞ ለሌላው ማካፈል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንግሊዝኛው የሚከብደው ወጣት የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው።

ለዚህ አዲስ አዋጅ ወይም አዲስ ተቋም አያስፈልግም። መመሪያ የሚጽፍ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ሁለተኛው ገጽ ላይ ስሙን፣ ዓመቱን፣ የፈቃዱን ስምና ሊታረም የሚችለው ፋይል የሚገኝበትን አድራሻ ይጻፍ። የላፍቶው ባለሱቅ መስመሯን ላያነባት ይችላል። ግን ጥራዙ ውስጥ አብራ ትባዛለች፤ አንድ ቀን አርሞና ተርጉሞ ሊያሳትም የሚፈልግ ሰው እጅ ሲደርስ ፈቃዱን እዚያው ያገኛል።