የባሌስትራ ታሪክ በፎገራ ሜዳ

የሞተር ተሽከርካሪ ታሪክ በአገራችን ሲጻፍ፣ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ነገሥታቱ አውቶሞቢሎችና ስለ አውራ ጎዳናዎች ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ከመኪናው ሥር ያለውን አንድ ብረት፣ ይኸውም ባሌስትራን፣ ከነጠጋኙ ልንመረምር አስበናል።

ወረታ የሁለት መንገዶች መገናኛ ናት። አንደኛው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ያልፋል፤ ሁለተኛው በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ የተሠራው የወልድያ መንገድ ነው። ከእነዚህ ጎዳናዎች ወጥቶ ወደ ገጠር የሚገባ መኪና ግን ርብና ጉማራ የሚያጠጡትን የፎገራን ዋልካ መሬት ይገጥማል። ይህ አፈር በክረምት አብጦ መንኰራኵር ይውጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። አሮጌ ላንድሮቨር ከባድ ጭነት ይዞ እንዲህ ባለ መሬት ላይ ለዓመታት ሲመላለስ፣ እንደ ቅጠል የተደራረቡት ብረቶች ደጋንነታቸውን አጥተው ይተኛሉ።

ስሙ እንደ ካምቢዮና እንደ ፍሬን ሁሉ ከጣልያንኛ የተወረሰ ነው። በዚያ ቋንቋ ባሌስትራ ማለት አስቀድሞ ፍላጻ የሚወረውር ደጋን ነበረ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን የያዘው የስታራቼ ጦርም በካሚዮን ተጭኖ የመጣ ነበር። ስሙ የውጭ ይሁን እንጂ ብረትን በእሳትና በመዶሻ መግራት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም።

የተኛን ባሌስትራ ለማንሣት ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ተጨማሪ ቅጠል መደረብ ነው፤ መኪናው ይነሣል፣ ነገር ግን ይደርቃል። ሁለተኛው ብረቱን ሳያግሉ ጎድጓዳ ጎኑን ከዳር እስከ ዳር በመዶሻ እየመቱ ደጋኑን መመለስ ነው። ሦስተኛው በእሳት አግሎ ማጕበጥ ነው። በዚህ ጊዜ በዘይት ነክሮ ማጠንከርና እንደገና በመጠኑ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ብረቱ ወይ ይለሰልሳል፣ ወይ ይሰበራል። ፈጽሞ የደከመውም አይጣልም፤ ባለ እጁ ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ያወጣበታል። ስለዚህ ትናንት ጭነት የተሸከመው ብረት ነገ መሬት ያርሳል።

ይህን የሚያደርገው ሰው ግን ለብዙ ዘመን «ቀጥቃጭ» እየተባለ ተሰድቧል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። ከወረታ በስተ ምሥራቅ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ ሲሠራ የአውሮፓውያኑ ስም ተመዝግቧል፤ አብረዋቸው የደከሙት ኢትዮጵያውያን ስም ግን በአብዛኛው አልተጻፈም።

እንግዲህ መኪናውን የሚያስመጣውን እያከበሩ መኪናውን በዕድሜ የሚያቆየውን መናቅ የታሪክ ጉድለት ነው። የታሪክ ተማሪ ከቤተ መዛግብት ሲወጣ ወደ ወናፉም ጎራ ብሎ የባለ እጁን ቃል በስሙ ቢመዘግብ፣ የጋፋት ጉድለት አይደገምም ብለን እናምናለን።