የኮሶ ሥዕልና የሠዓሊው ስም

ኮሶ ለመርሐቤቴና ለመንዝ ሰው እንግዳ ዛፍ አይደለም። ከዓለም ከተማ ከፍ ወዳለው ደጋ የሚወጣ መንገደኛ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያገኘዋል። የሴቴው ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ደርቆና ተወቅጦ፣ በውሃም ተበጥብጦ የኮሶ ትል ማስወጫ ሆኖ ለብዙ ዘመን ሲጠጣ ኖሯል፤ ምሬቱም ምሳሌ እስከ መሆን ደርሷል። ይህ ዛፍ በዕፅዋት ሊቃውንት አመዳደብ ከጽጌረዳና ከፖም ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚቆጠር ነው። ለአውሮፓ ሊቃውንት በሚገባ የተዋወቀውም በአንድ ኢጣልያዊ እጅ በተሠራ ሥዕል አማካይነት ነበር።

ሠዓሊው ሉዊጂ ባሉጋኒ እ.ኤ.አ. በ1737 በቦሎኛ ከተማ ተወልዶ የሕንፃ ንድፍ የተማረ ሰው ነበር። በ1765 ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ቀጠረው። ሁለቱ በሰሜን አፍሪካና በሶርያ የሮማውያንን ፍርስራሾች ሲነድፉ ቆይተው፣ በ1769 ምጽዋ ደረሱ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ጐንደር ገቡ። የሕንፃ ዓምድ መንደፍ የለመደው እጅ በኢትዮጵያ ቅጠልና አበባ መንደፍ ያዘ። የደረቀ ቅጠል ቀለሙ ይጠፋል፣ ቅርጹም ይኮማተራል። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተደረደረውን፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነውን የኮሶ ቅጠልና የተንዠረገገውን አበባ ሳያዛባ ለሩቅ አገር ሊቅ የሚያደርስ ሥዕል ብቻ ነበር።

ብሩስ በኅዳር 1770 ወደ ግሽ ዓባይ ሲጓዝ ባሉጋኒ አብሮት እንደነበረ በገዛ እጁ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ይመሰክራል። በ1771 ጐንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ የጓደኛውን አብሮ መጓዝ አላነሣም፤ ሥዕሎቹንም የራሱ ሥራ አስመስሎ አቀረበ።

ብሩስ ለዛፉ የሰጠው ስምም አልጸናም። ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ «ባንክሲያ አቢሲኒካ» ብሎት ነበር፤ ይሁን እንጂ «ባንክሲያ» የሚለው ስም በ1782 ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ስለነበር፣ ግሜሊን የተባለው ጀርመናዊ በ1791 «ሀጌኒያ» በሚል ተካው። ከብሩስ ስያሜ የቀረው «አቢሲኒካ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ስሙ ሲለዋወጥ ሥዕሉ ግን ሳይለወጥ ቆየ።

ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። በ1991 ፖል ሀልተን፣ ናይጄል ሄፐርና ኢብ ፍሪስ መርምረው በባሉጋኒ ስም አሳተሟቸው። በማናቸውም የምሕንድስና ንድፍ ግርጌ የነዳፊው ስም የሚሰፍርበት ቦታ አለ፤ ይህም ለክብር ብቻ ሳይሆን የሥራው ኀላፊ ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። ባሉጋኒ ከሞተ በኋላ ስሙ ወደዚያ ቦታ እስኪመለስ 220 ዓመት አልፏል።